ገዛሁት ስል

በሌሊት ፈረቃ፣ ዊኒፔግ፣ ዳቦ ቤት፣
ከመጀመሪያ ደሞዝ፣ ዱቄት እንዳለበት፣
አሥራ አራት ዜማ፣ አንዱን ባንድ ዶላር፣
ገዛሁ ብዬ ነበር።

ገዛሁት ስል፣ ለካ እሱ ኖሯል የገዛኝ፤
አሮጌው ኮምፒውተር ሞቶ በአዲሱ ስከፍት
«ፈቃድ የለህም» አለኝ።
በገዛ ገንዘቤ፣ በገዛ ጆሮዬ፣
ደጅ ጠናሁ ቆሜ ለገዛ ዜማዬ።

ቁልፍ ያዡም ሱቅ ከሰረ፣ ተዘጋ፤
ስደውል፣ ሙዚቃ ከፍቶ አቆየኝ እስኪነጋ፣
የኔን ግን አይደለም።

ኦክሳና ሰማችኝ ከምድጃው ማዶ፤
«ዳቦ የገዛን ሰው ጋጋሪው ተከትሎ
ለማን ቆረስክ ይላል?» አለችኝ፣
ትኩሱን ገምሳ ግማሹን እየሰጠችኝ።

ዘንድሮ እንደ ዳቦ ነው የምገዛው፤
ቁልፍ የለው፣ ማኅተም የለው።
አውራ ጣት በምታህል ማጫወቻ ጭኜ
አውቶቡስ እጠብቃለሁ በረዶ ላይ ሆኜ።
አሥራ ስምንት ቁጥር ዘገየ። ይዘግይ።
ሳክስፎኑ መሃል ላይ ቀጥ ቢልም፣
ያስቆመው ብርድ ነው፣ ፈቃድ አይደለም፤
ብብቴ ውስጥ ከትቼ ትንሽ ሳሞቀው
ካቆመበት ይቀጥላል።