አዝጋሚው

ሃንክ ከቤቱ ጀርባ ሰገነት ጨረሰ፤
ዓይኑ ባንድ ሳምንት ጓሯችን ደረሰ።
ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠዋት እጁን ያነሳል፣
"ዛሬም ሊሞቅ ነው" ብሎ ስለ ሣር ያወሳል።
ዓይን ግን ዓይን ነው።
ትርንጎ ፀሐይ አምሯት፣ ወንበሯን ጎትታ፣
ከጋራዡ ግድግዳ፣ ከጥላው ተጠግታ፣
ሻሿን እንዳሰረች ትውላለች እስከ ማታ።

ቅዳሜ ዌስተርቪል፣ ችግኝ ቤት ወረድን፤
በረዶ ሲጥል ቅጠሉን የማያራግፍ፣
ቁመቱ ከሰገነት የሚያልፍ፣
ገበና ከታች ዛፍ ፈለግን።

ዶና፣ ጥፍሯ አፈር፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ፣
በረድፉ መራችን ከታች ወደ ላይ።
"ይህ ቱያ ነው፤ ስሙ ሲፈታ ዕፀ ሕይወት፤
ሦስት ጫማ ያድጋል በያንዳንዱ ዓመት፤
እርጥብ በረዶ ግን ሲጫነው ይከፈላል።
ይህ ሰማያዊ ጥድ ሲያዩት ደስ ይላል፤
ብቻ ዕድሜው ሲገፋ፣ ከሥር ይመለ..."
ሻሹን አየች።
እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ መለሰች።
"ስንት ዓመት ትጠብቃላችሁ?" አለች።

እኔ ቸኩያለሁ። "ፈጣኑን!" አልኩ፤
አሥራ ሁለት ቱያ ባይኔ ቆጠርኩ፤
ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ትርንጎ አጠገቤ የለችም።
ከመጨረሻው ረድፍ በርከክ ብላ
አንድ ድንክ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ
አረንጓዴ ትዳብሳለች።
"ይኸስ?"
"ዩው ይባላል። አዝጋሚ ነው፤ ባመት
ስንዝር ካደገማ ተመስገን ነው ማለት።
ቅጠሉ መርዝ ነው፤ ልጆች እንዳይበሉ፤
ከዘመዱ ልጥ ግን መድኃኒት አለ አሉ..."
"አውቀዋለሁ" አለች። ሳቀች፣ ከየካቲት ወዲህ።
"በየሦስት ሳምንቱ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ በዚህ"፤
ክንዷን ገልጣ አሳየች።
"ዘመዴ ነው። ዘጠኝ ስጪን።"

"ሃንክ ጋ እስኪደርስ ሃያ ዓመት ነው" አልኳት።
"ታዲያ?"
መልስ አጣሁላት።

ዘጠኙን ተከልን። ከጉልበት አያልፉም፤
እንኳን ሰው፣ የጎረቤት ድመት አይከልሉም።
በማግስቱ ትርንጎ ከጓሮው መሃል ወጣች፤
ሻሿን ፈታችና ሣሩ ላይ አሰጣች።
ሃንክ ኩባያውን ይዞ ብቅ አለ፤ አየ፤
እጁን ሊያነሳ ነበር፤ ቆየ፤
ወንበሩን አዙሮ ወደ ገዛ ግድግዳው
ጀርባውን ሰጠን።
ያ ወንበር ዛሬም እንደዞረ ነው።

መስከረም ላይ፣ ጎንበስ ብዬ እቆጥራለሁ፦
ስምንቱ ጸድቀዋል። ዘጠነኛውን አጋዘን
ጨርሶ ግጦታል።
"ልንቀለው?" እላለሁ።
"ተወው" ትላለች፤ መዳፏ ራሷ ላይ ነው፣
አሁን አሁን ብቅ ያለው ቡቃያ ላይ።
"ሥሩ እኮ አለ።"