የቱ ይብሳል

«የቱ ይብሳል?» አለኝ ወሰንየለህ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣው፣
ቦት ጫማውን የወፍ ዋሻ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የዋጠው።
«ከዛፉና ከወፏ አንዱን ነው፤ በጀቱ ሁለት አይችልም፤
ያንቺን ቃል ልመዝግብ፣ እዚህ ጫካ ካንቺ የቆየ ጠባቂ የለም።»

ጉም ሽቅብ ይወጣል ከታች፣ ከአልዩ አምባ፤
በተዘረጋው መዝገብ እርጥበቱ ገባ።

ዛፉ ኮሶ ነው። ስሙን ስትጠራው አፍህ ይመርራል፤
የከፋ ቀን ሁሉ በሱ ይመሰላል።
አባቴ ሲጠጣው ትዝ ይለኛል፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣
እናቴ ከጓዳ ስትስቅ፦ «ብላ ቁርጥ፣ ብላ ዘንድሮ!»
አሁን ኪኒን አለ፤ ኮሶን ብሎ የሚመጣ
ጣውላ ፈላጊ ነው፣ ከነመጋዙ የወጣ።
የቀረችው አንዲት፣ ከሸንተረሩ ጫፍ፣ ሴቲቱ፤
ወንዱ የወይዘሮ ጌጤነሽ በረት ምሰሶ ነው፣ ሰባት ዓመቱ።
ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጥጃ ይታከክበታል።
እሷ ግን በየዓመቱ ቀይ አበባዋን ታወርዳለች፣
ነፋስ በመጣ ቁጥር
«ይሄኛው ይዞልኝ ይሆናል» ትላለች።

ወፏስ?
ወፏ ስም የላትም። የሩቅ ሰዎች በአንኮበር ስም ሰይመዋታል፤
እኛ «ወፍ» እንላታለን፤ ከድንቢጥ ማን ይለያታል?
አመድማ ናት፣ ደረቷ ጭረት ጭረት፣ ዓይን የማትሞላ፣
ለመድኃኒት የማትሆን፣ ሥጋዋ የማይበላ።
ድንጋይ እንኳ የወረወረባት የለም።
ብቻ የምትለቅምበትን አፋፍ ባሕር ዛፍ ወረሰው፣
እሷን ሳይጠላት፣ ሳይጠይቃት፣ ጥላው ሣሩን ጨረሰው።

ኮሶን መታወቁ ገደለው፤ እሷን አለመታወቋ።
ክንፍ አላት አትበለኝ፤ ከዚህ ገደል ሌላ
የት አለ ጎጆዋ፣ ስንቋ?

ይህን ስነግረው፣ እሷው መጣች።
ከኮሶዋ ግንድ የዛፍ ሽበት ነጨች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ለጫጩት ምንጣፍ ነው።
«ያቻት!» አልኩ፤ ጉሙ ግን ቀደመ፣ ዋጣት ከነጣቴ።

ብዕሩን ተቀብዬ፣ «የቱ ይብሳል» ከሚለው ሥር፣
«ጉም ነው፤ ቆይ» ብዬ ጻፍኩ፣ አንድ መስመር።
ወሰንየለህ ሳቀ፦ «እታለም፣ ይሄ አይሆንም ማስረጃ።»
ቆየን።
ሲገለጥ ዛፏ አለች።
ወፏን እንጃ።