በልክ የተሰፈረ ድንጋጤ

በእነ የርኔይ አገር ንብ በከተ አይባልም፤
በሬ ነው የሚበክት፣ ፍየልም፣ ውሻም።
ንብ ግን «ሞተች» ይሏታል፣ እንደ ሰው፣ በሰው ቃል፤
ስሎቬንኛ ለሰውና ለንብ አንድ ሞት ይበቃዋል።

ይህን የነገራት ሽማግሌው ለቲንካራ፣ ለልጅ ልጁ፣
የንብ ቤቱ ደጅ ቆሞ ነው፣ ጭስ ማጨሻው በእጁ።
ቀፎዎቹ እንደ መሳቢያ ግድግዳው ላይ ተሰክተው፣
የፊታቸውን ሳንቃ ቅድመ አያቱ ሥዕል ሥለው፦
አዳኙ ሞቷል፤ ድብና ቀበሮ ተሸክመውት ይሄዳሉ፤
ጥንቸሏ ታለቅሳለች፣ ወይም ትስቃለች፤
ቀለሙ ለቋል፣ ሰዎች ይከራከራሉ።

አምሳ ዓመት ተነድፏል፤ ጣቱን፣ ቅንድቡን፣ ትከሻውን።
«ለቁርጥማት ነው» እያለ በጥፍሩ ፍቆ ይጥላል እሾሁን።
አምና ግን በሐምሌ አንዲት፣ አንዲት ብቻ፣ ነደፈችው፤
ከሰው ሁሉ ቀድማ መሬት ተቀበለችው።

ሐኪሟ ሁለት መርፌ ሰጠችው፣ ብዕር ብዕር የሚመስሉ፤
«ወይ ከንቦችህ ራቅ፣ ወይ እነዚህ ኪስህ ይዋሉ።»
አፈረ። ንብ አርቢ ንብ ፈርቶ! ማን ማሩን ይገዛዋል?
ከአሮጌ ደረሰኝና ከሻማ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከቶታል።

ቲንካራ ብቻ ታውቃለች።
መርፌ የሌለውን መለማመጃ ትራስ ላይ ትሰካለች፣
ድንች ጆንያ ላይ፣ አንድ ቀንም ድመቷ ላይ፤
ያ ሙከራ በጭረት አለቀ።

ከዚያ የሊፓ ዛፍ አበበ፤ ሸለቆው ሁሉ ማር ማር አለ።
ጺሙ ውስጥ መንገድ የጠፋት ንብ።
መጀመሪያ ሳቀ።
ቀጥሎ መዳፉ አሳከከው፣ ከንፈሩ አበጠ፣
ድምፁ ክር ሆነ፤ ክሩ ተበጠሰ፤
ትንፋሹ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚገባ ነፋስ አፏጨ።
«ልቁም» ይላል በእጁ። «አትቆምም» አለች፤
እግሩን ባዶ ቀፎ ላይ ሰቀለች፤
ሰማያዊውን ቆብ ነቀለች።
ብርቱካናማውን ጫፍ ጭኑ ላይ፣ በእሑድ ሱሪው ላይ፣
ጠቅ እስኪል፤
አንድ። ሁለት። ሦስት።

ለመቶ አሥራ ሁለት ምን እንዳለች ዛሬም አታስታውስም፤
ስሟን ሁለት ጊዜ እንደ ጠየቋት እንጂ።

«በድንጋጤ ሞተ» ሲባል ሰምተናል፤
ክው አለ፣ ደርቆ ቀረ፣ ልቡ ቀጥ አለ።
ይህስ? ይህ ብልቃጥ ውስጥ የተከተተ፣
በልክ የተሰፈረ ድንጋጤ ነው፤
የሚሊግራም ሦስት አሥረኛ ድንጋጤ፤
የላላውን ደም ሥር የሚያጠብቅ፣
የጠበበውን ጉሮሮ የሚያላላ፣
ልብን በጥፊ ብሎ «ወዴት ትሄዳለህ?» የሚል።
ሐኪሞች አድሬናሊን ይሉታል።
በልጅቷም ደም ውስጥ በዚያች ሰዓት ያው ነበር፣
ማንም ሳይሰፍርላት፣ ጉልበቷን እያንቀጠቀጠ፤
አንድ ፍርሃት በሁለት ሰው ውስጥ ይሮጣል፣
አንዱ በሐኪም ትእዛዝ፣
አንዱ ያለ ትእዛዝ።

አምስት ደቂቃ። ከንፈሩ ገና ሰማያዊ።
ሁለተኛው ብዕር።
አምቡላንሱ ከሽኮፍያ ሎካ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤
መንገዱ ላይ ላሞች ነበሩ።
ላሞቹን እስካሁን ይቅር አላለችም።

ዓይኑን ሲገልጥ ይንቀጠቀጣል፤
ልቡ ጋላቢውን እንደ ጣለ ፈረስ።
«ሱሪዬን በሳሽው» አለ።
ነርሱ ድራጎ ሳቀ፤ ግን «ዛሬ እኛ ጋ ታድራለህ» አለው፤
«የመርፌው ጉልበት ቶሎ ይተናል፤
መርዙ ትዕግሥት አለው።»

ሁለት ሰዎች፣ ድብም ቀበሮም ያልሆኑ፣
ተሸክመውት በሥዕሉ ፊት አለፉ፤
ከኋላ አዳኟ ትከተላለች፣
ዓመቷ አሥራ አንድ፣ ጫማዋ በአንድ እግሯ።

«ንቧስ?» አለ በሩ ሳይዘጋ።
ጺሙ ውስጥ ፈለገች፤ አገኘቻት፤
መዳፏ ላይ ትንሽ ያዘቻት።
«ሞተች» አለችው፣
በሰው ቃል።