ከፊት ያለው ወተት

ኩሺሮ፣ ሰሜን ጃፓን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፤
ማቀዝቀዣው ጥግ ቆሜ አያለሁ፣ የእጆችን ስልት።
ሁሉም የፊቱን ገፍቶ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰዶ፣
አዲሱን ከጥልቁ መዝዞ፣ ይሄዳል ወስዶ።
የፊቱ ወተት ይቀራል፤ ቀኑ ዛሬ የሚያልቅበት፣
ቀድሞ መምጣቱ ብቻ ነው፣ የተያዘበት ጥፋት።
ሦስት ሰዓት ላይ ይደፋል። የምደፋው እኔ ነኝ።

ሱፐርማርኬቱ ወረቀት ለጠፈ፦ «እባክዎ፣ ከፊት ይውሰዱ»፤
ሰዎች አንብበው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከኋላ አንሥተው ሄዱ።

አንድ ማታ ሺዙኤ መጡ፣
አምና ላሞቻቸውን የሸጡ፤
የፊቱን ካርቶን አንሥተው፣
ቀኑን በአውራ ጣት ዳብሰው፣ እንዲህ አሉኝ ሳይቆጡ፦
«ሊያልቡት የተነሡት እኮ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነው ሌሊት፤
እኔ የምጠጣው ዛሬ፤ ምን ያደርግልኛል ሳምንት?»
ሁለት ወሰዱ። የዚያን ለት ባልዲዬ ትንሽ ቀለለ፤
ዐሥራ አንዱ ግን ከነነጭነቱ፣ በቱቦው ወርዶ ኮለለ።

በዕረፍት ቀኔ፣ ሌላ ሱቅ፣ ማንም በማያውቀኝ ሰፈር፣
እጄን ያዝኳት፣ ወደ ኋላ ስትሻገር።
መለስኳት።
የፊቱን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው።
የኋላውም ያው ቀዝቃዛ።