ተራ ቁጥር አርባ አንድ

በወሩ መባቻ ጡረታ ሲወጣ
ለገሃር ባንኩ በር በማለዳ ስመጣ፣
እሱ ከግንቡ ሥር ካርቶኑን ዘርግቶ
ጉልበቱን ያሞቃል ለፀሐይ አውጥቶ።
«ጸሐፊ፣ እንደምነህ?» ይለኛል እንደ ድሮ፣
መዝገቡ ከተዘጋ ስንት ዓመት ተቆጥሮ።
እኔም «ይመስገን» ብዬ አንገቴን ደፍቼ
ወደ ውስጥ እገባለሁ ደብተሬን አውጥቼ።

ልደቱን በዓመት ቆጥሮ ባያውቀውም
እኩያሞች ነን፤ በጥርስ ከተቆጠርን ግን አንገጥምም።
የኔን ደም ግፊት ሐኪም ሲከታተለው
የሱን ወገብ የሚያሸው
የመርካቶ ቅባት ነው፤
እሱም ሳንቲም ሲተርፈው።

ከአሶሳ ማዶ፣ ከቆላው፣ አብረውት የመጡት አምስት ነበሩ፤
ስድሳን ያየ የለም፦ አራቱ በሳል፣ አንዱ በፉርጎ ሥር ቀሩ።
እድር አልነበራቸውም።
ማን እንደቀበራቸው አልጠየቅሁም።

ሲሚንቶው፣ ጨው፣ ብረቱ ከባቡር ሲራገፍ
«ከባዱን ለነሱ!» ይላል አለቃው፣ በዚያ ሲያልፍ፤
«እነሱ አይሰማቸውም» ሲልም ሰምቻለሁ።
ለምን እዋሻለሁ፤ አብሬው ስቄያለሁ።

የተቀጠረ ዕለት ዝናብ ነበር፣ ወረፋ፣
ብዕሬም ቀለም ሲተፋ፤
«ስም?» አልኩት። «አልኸድር» አለ፤ «ነስር» አለ ቀጥሎ።
ጆሮዬ አልያዘው ይሁን፣ ወይስ እጄ ቸኩሎ፣
«ምን አልከኝ?» ሳልለው፣ ሳልጠይቀው ደግሜ
ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ
«ጥቁሩ» ብዬ ጻፍኩት፣ ባማረ ቀለሜ።

ጥቁሩ። የቀን ሠራተኛ። በየወሩ ገለበጥኩት፤
ሠላሳ ዓመት በአሥራ ሁለት፣
ሦስት መቶ ስልሳ ጊዜ። ዛሬ ገና ነው ያባዛሁት።
እሱም አውራ ጣቱን ሰማያዊ ቀለም ነክሮ
ፈርሞ ይሄድ ነበር፣ ብሩን በመሃረብ ቋጥሮ።
አንድም ቀን አልተቆጣ፤
(ወይስ ተቆጥቶ ነው ድምፁ ያልወጣ?)

አምና በሰኔ ጡረታ ቢሮው ደረጃ ላይ አገኘሁት፤
ከሰው ሁሉ ፎልደር መሃል ባዶ እጁን አየሁት።
ልጅቷ፣ መስኮት አራት፣ ክፉ አይደለችም፣ ትሑት ናት፤
«አባባ፣ በዚህ ስም ሰው የለም» አለች። እውነት ናት።
«ጥቁሩ የሚል አንድ አለ፣ አባት የለው፣ አያት የለው፤
እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።
እሱም ዞሮ አየኝ።
ምንም አልተናገረም፤ ዞሮ ብቻ አየኝ።

«ደግሞም ጊዜያዊ ይላል።» ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ሠላሳ ዓመት ጊዜያዊ!
ቋሚ የተባለው ባቡር ሐዲዱ ላይ ቆመ፤
ጊዜያዊው አለ፤ ከግንቡ ሥር፣ እየታመመ።

ትናንት ወገቡ ጸናበት። ዳገቱን ደግፌ፣ አርፈን እየሄድን፣
በየዛፉ ሥር እየቆምን፣
ሆስፒታሉ በር ደረስን።
«ምን ይላል?» አለኝ፣ ወደ ላይ እየጠቆመ።
«ጥቁር አንበሳ» አልኩት።
ቆም አለ፤ ቀስ ብሎ ሳቀ፤
«ጸሐፊ፣ ይሄንንስ አንተ ነህ የጻፍከው?» ብሎ ጠየቀ።

መልስ አልነበረኝም። ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ተሰለፍን።
«የታካሚ ስም?»
«አልኸድር» አልኳት፣ ጮክ ብዬ፣ «አልኸድር ነስር።»
ከኋላችን የነበረ ሰው ሁሉ ሰማኝ፤ ሰልፉ ይገፋን ነበር።
«በየትኛው ሀ ነው፣ አባት?» አለች፣ እጇ ከፊደሉ ላይ ቆሞ።
ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት ሰውዬ
ወደሱ ዞርኩ። ያ አውራ ጣቱ ወገቡን ይዞ፣
«እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ፤ «አንተ አይደለህ ጸሐፊው?»