በእርሳስ መሙላት ክልክል ነው

ከሸቦይጋን መጣ፣ ከሚቺጋን ሐይቅ ዳር፣
ስልሳ አራት ገጽ ጥራዝ፣ በጎማ ታስሮ ነበር።
ሜሪላንድ ዝናብ ነው። መነጽሬን ጠረግሁ፣
ከቁልሉ ላይ አንስቼ የፊቱን ገጽ ገለጥሁ።

አመልካች፦ ቬርና ስቱልማከር። ሠራተኛ፦ ሦስት።
ሥራ፦ የልጅ መጫወቻ ሰብሮ ማየት።
የድቡን ዓይን በጉጠት ይዛ ትስባለች፣
ካልተነቀለላት «ይለፍ» ትላለች።
የልጅ ጉሮሮ የምታህል ቱቦ አለቻት፣
የወለቀ ቁልፍ ሁሉ የምትለካባት፤
ከገባላት፣ ልጅ ይውጠዋል ማለት ነው፤
የሠራው ማንም ይሁን፣ ፍርዱ አንድ ነው።

እኔ ግን ዕቃ አላይም። የማየው ወረቀት።
የሚዛኗ ምስክር የት አለ? አባሪ ሰባት።
የምስክሩስ ምስክር? አባሪ ስምንት።
ለሱስ ማን መሰከረ? እሱም ማኅተም አለበት፣
አባሪ ዘጠኝ፣ ክብ፣ ሐምራዊ፣ ትንሽ ዘመም ያለበት።
«አለቃዬ ውጤት ለውጥ ቢለኝ ለመንግሥት እናገራለሁ» —
ሦስቱም ፈርመዋል። ፊርማቸውን ቆጠርሁ።

ከያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በደማቅ ተጽፏል፦
በእርሳስ መሙላት ክልክል ነው።

ገጽ አርባ አንድ።
«ከአምራች ጋር ዝምድና፣ ሽርክና፣ ወይም ዕዳ አለብዎት?»
ለመልሱ የተተወው ቦታ የአውራ ጣት ስፋት።
«የለም» ይላል፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈት።
ገጹን ግን ወደ መስኮቱ ዞር ባደርገው፣
ከ«የለም» ሥር ሌላ ጽሑፍ አለ፣ ላጲስ የበላው፦
«ዴልበርት ወንድሜ ነው። የእንጨት ዳክዬ ይሠራል።
መለኪያዬን የገዛሁት በሱ ገንዘብ ነው። ይህ ዕዳ ይባላል?»

እርሳስ ለካ ቢፍቁት፣ ቢያለብሱት ቀለም፣
ከሥር ይተኛል እንጂ የትም አይሄድም።

አለቃዬ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አሰገገ፣
«የዊስኮንሲኑ አላለቀም?» ብሎ ሰዓቱን አየና ሸሸገ።

ደወልሁ። ከጀርባዋ አንድ ነገር ይወድቃል፣
ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነሣና ይወድቃል።
(የሚጥለው ሬይነር መሆን አለበት፤
ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ፣ የመጣል ሥልጠና የወሰደበት።)
ጥያቄዬን ሰማች። ቆየች።
«አለ ብዬ ብጽፍስ?» አለች።
«ያስኬዳል፣» አልኋት፣ «ሕጉ ለዘመድም አጥር አበጅቷል፤
ሌላ ቅጽ ይሞላል።»
«እውነቱ ስንት ገጽ ነው?»
«ተጨማሪ ሃያ ሁለት ነው።»
ሳቀች መሰለኝ። ወይም የወደቀው ዕቃ ነው።

በሁለተኛው ወር ተመልሶ መጣ፣ ወፍሮ።
ገጽ አርባ አንድ፦ «አለ። ወንድሜ ነው።» በቀለም፣ ሰፍሮ።
ሃያ ሁለቱም ገጾች አሉ። ከሁሉም መጨረሻ
ማንም ያልጠየቃት ወረቀት፣ የድሮ ምርመራ ማስታወሻ፦

ዕቃው፦ ዳክዬ፣ ከእንጨት፣ ቢጫ።
አምራች፦ ዴልበርት።
የመንቁሩ ቀለም፦ እርሳስ፣ ከልክ በላይ፣ አራት እጥፍ።
ውጤት፦ ወድቋል።
ቀኑ፦ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የገና ዋዜማ።
ፊርማ፦ የሷ፣ ብቻ።

ይህችን ገጽ የሚቀበል ሳጥን ዝርዝሬ ላይ የለም።
ገለበጥኋት። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ፣ ላጲስ ሳይነካው፦
«ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።»

ታዲያ ያኔ «የለም» ያለችው ዋሽታ ነበር?
እንጃ። ቅጹ «አለ?» ይላል፤ «ነበረ?» የሚል መስመር አልነበር።

ደንቡን አውቀዋለሁ። በእርሳስ የተጻፈ ይመለሳል።
ስለ ገጽ ጀርባ ግን ደንቡ ዝም ይላል።
ከሌሎቹ ጋር በስቴፕለር መታኋት።

አባሪ ሰባት፣ የሚዛኑ ምስክር፣ ቀን ጎድሎታል፤
ይህንኑ ጠቅሼ ደብዳቤ ጻፍሁላት።