ትርፌ ላይፕሲግ፣ እኔ ባዝል

ወር በገባ በሃያ አምስት፣ ሥራ ውዬ ስገባ ማታ፣
ትርፌ ትደውላለች ከላይፕሲግ፣ ሳታስቀድም ሰላምታ፤
"ስንት ገባልሽ?" ትለኛለች።
ቁጥሬን ስነግራት ዝም ትላለች፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣
በፍራንክ ያልኳትን በዩሮ፣ በጣቷ ስታባዛው ይታወቃል።
"የኔን እጥፍ እኮ ነው! አንቺማ አለፈልሽ" ትላለች።

ቆይ ትርፌ፣
ትርፍ እንደሆነ ያለው፣ ባንቺ ስም ላይ ብቻ ነው፤
የኔን ደመወዝ የሚውጠው አፍ፣ ከኔ ቀድሞ የሚነቃ ነው።
ኪራዩ ሺህ አምስት መቶ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣
መስኮቱም የሚያሳየኝ፣ ብስክሌት ማቆሚያ፣ ያውም የሰው ብስክሌት።
የጤና መድኑ ለብቻው ነው፣ ታመምሽ አልታመምሽ አይልም፤
ጥርሴን ልታከም ብል ደግሞ፣ ጥርስ መድኑ ውስጥ የለም።

"የኛም አገር ጥርስ አያስቅም" አለች። ሳቅን።

ከዚያ ዳቦ በደቂቃ ለካን፤ ሐሳቡ የሷ ነው።
እሷ አውቶቡስ ነድታ፣ እኔ የሆስፒታል አንሶላ ተኩሼ፣
ለአንድ ዳቦ ስንት ደቂቃ?
እሷ አሥራ አምስት፣ እኔ አሥራ ሁለት።
"በሦስት ደቂቃ በለጥሽኝ፤ ምን ትሠሪባታለሽ?"
ሥጋ ላይ ግን እኔ ወደቅሁ፤ ለኪሎው ሁለት ሰዓት ቆሜ።
የጸጉር ቤቱንማ ተይው፣ ሻሽ አስሬ ነው መክረሜ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዲህ፣ ባዶ ሻንጣዬን ይዤ፣
በስምንት ቁጥር ትራም፣ ድንበር ተሻግሬ ተጉዤ፣
ቫይል ላይ ዶሮና ሳሙና፣ የሳምንቱን ሸማምቼ፣
አረንጓዴዋን ወረቀት፣ ጉምሩክ ማኅተም አስመትቼ፣
ከግማሹ የባዝል ሰው ጋር ተሰልፌ እመለሳለሁ።
ደመወዜ እዚህ ይወለዳል፣ የሚቀበረው እዚያ ማዶ ነው።

"እንዲያ ከሆነ" አለች ትርፌ፣ "ከእጅ አይሻል ዶማ፤
እኔስ ኪራዬ ሦስት መቶ ነው፣ ያውም መሀል ከተማ።"
ሦስት መቶ!
ያ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ፣ ጎኔን ሲያገላብጥ አደረ።

ለፋሲካ ሄድኩ፤ ሰባት ሰዓት በባቡር።
በሯ ላይ ከደወሉ አጠገብ ሦስት ስም ተጽፏል፣
የሷ ሦስተኛው ነው፣ በእርሳስ።
አልጋዋን ከወጥ ቤቱ የለየው መጋረጃ ነው።
እሷም ክንዴን ገለጥ አድርጋ፣ የመተኮሻውን ጠባሳ አይታ፣
"ይሄስ በየትኛው ሒሳብ ገባ?" አለችኝ ቀስ ብላ።
ሌሊት ሌሊት ቢሮ እንደምጠርግ አልነገርኳትም ነበር፤
ገንዘቡን ደምሬ ነው ያወራኋት፣ ሰዓቱን ሳልደምር።
ለካ ሁለታችንም በየፊናችን፣
ሚዛኑ ላይ አውራ ጣታችንን ጫን አድርገን ኖሯል።

"ሽንኩርት የለም" አለች፣ "ተነሽ፣ ሳይዘጋ።"

የገበያው ጋሪ ካልከፈሉት ከሰንሰለቱ አይፈታም።
ትርፌ ኪሷን ዳበሰች፣ ቦርሳዋን በረበረች፣ ዩሮ የለም።
እኔ ዘንድ ያለው ፍራንክ ነው፤ እዚህ አገር ማን ይቀበላል?
"እስቲ ሞክሪው" አለች።
ሳንቲሙን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት፤
ቀጭ!
ጋሪው ተፈታ። ስፋቱም ውፍረቱም እኩል፣
የምንዛሪ ወሬ አልሰማ።

ትርፌ እየገፋች ገባች፤ አንደኛው ጎማ ይንጫጫል።
ሽንኩርቱ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣
"ስንመልሰው ፍራንክሽን እንዳትረሺ" አለች፣
"የሁለት ደቂቃ ተኩል አንሶላ ነው።"